ደጃፍ ላይ የሚቀር ጫማ

ጋሼ የምንላቸው አጎታችን ባለፈው ሳምንት አረፉ። ዕድሜያቸውን ሙሉ አስተማሪ ነበሩ፤ ጫማቸውን ሳያወልቁ ግን አንድም ቀን ክፍል ገብተው አያውቁም።

ነገሩ የጀመረው በጃንሆይ ጊዜ ነው። የአንኮበር ቄስ ልጅ ናቸውና ለትምህርት ደብረ ብርሃን ሲመጡ፣ በጥርብ ድንጋይ የተሠራው ትምህርት ቤት ገና መከፈቱ ነበር። እንዲያ ያለ ግንብ የሚያውቁት ቤተ ክርስቲያንን ብቻ ስለሆነ፣ የክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ጫማቸውን አወለቁ። ከኋላቸው የመጡት ልጆችም እሳቸውን አይተው አወለቁ። አስተማሪው ሲመጣ ደጃፉ በጫማ ተሞልቷል።

«ልጆች፣ ይኼ እኮ ቤተ ክርስቲያን አይደለም» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹ አፍረው መልሰው አጠለቁ። ጋሼ ግን በዚያው ቀሩ።

ኋላ እኔም እዚያው አስተማሪ ሆኜ ስቀጠር፣ እሳቸው በካልሲ ቆመው ያስተምሩ ነበር። የደብረ ብርሃን ብርድ ደግሞ ከሲሚንቶው ወለል ሽቅብ ነው የሚመጣው።

«ኧረ ጋሼ፣ ጫማዎን ያድርጉ። ይታመማሉ» እላቸዋለሁ።

«ስወጣ አደርገዋለሁ» ይሉኛል።

ጉልበታቸው ከደከመ ወዲህ፣ ከክፍልም ሆነ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጎንበስ ብዬ ጫማቸውን የማቀብላቸው እኔ ነበርኩ።

የቀብራቸው ዕለት ፍትሐቱ አብቅቶ አስከሬኑ ሲወጣ፣ ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ ጫማውን እያጠለቀ ተከተለ። እኔ ግን ጎንበስ ብዬ የጋሼን ጫማ ስፈልግ ወደ ኋላ ቀረሁ።