ሳን ሆዜ ላይ «እንብላ» ያልኩት ሰውዬ

በፈረንጁ 2023 ነው፤ ሰባ አንድ ዓመቴ ነበር። ባለቤቴ ካረፈች ዓመት አልሞላትም። ካሊፎርኒያ፣ ሳን ሊያንድሮ ያለው አፓርታማችን ውስጥ ብቻዬን ቀርቼ እህል አልወርድልኝ አለ። ሱሪዬ በቀበቶም አልቆም ሲል ሳን ሆዜ ያለችው ልጄ መጥታ አየችኝ።

«አባዬ፣ ብቻህን መብላት አትችልም። ቤቱን ልቀቅና እኔ ጋ ሙቭ አድርግ።»

«እበላለሁ።»

«መቼ?»

«ነገ።»

«እሺ፣ ነገ ብቻህን በልተህ አሳየኝ። ካልበላህ ቅዳሜ ዕቃህን እጭናለሁ። ውሸት የለም።»

እልኸኛ ነኝ። ዕድሜዬን ኦክላንድ ወደብ ላይ ከእስያ የመጣ ኮንቴይነር በትራክ ስጎትት ነው የጨረስኩት። ዕቃቸውን ስጎትት አርጅቼ ምግባቸውን አንድ ቀን አልቀመስኩም፤ ምሳዬን ባለቤቴ ነበረች የምትቋጥርልኝ። እነሱ ቤት ብበላ የእሷ እጅ ትዝ አይለኝም አልኩና በጠዋት ወጣሁ።

መጀመሪያ ኦክላንድ፣ ቻይናዎቹ ሰፈር ገባሁ። ሥጋ ተጠቅልሎበት በእንፋሎት የበሰለ ሊጥ አመጡልኝ። አንዱን ጎረስኩ፤ ሁለተኛው እጄ ላይ ቀረ። በባቡር ፍሪሞንት ወረድኩ፣ አፍጋኖች ቤት። ሩዙ ላይ ዘቢብና ካሮት አለበት፣ በጉ ከአጥንቱ ይለቃል። ግን ሰው ሁሉ ከነቤተሰቡ ከቦ ይበላል፤ እኔ ግድግዳ አያለሁ። አስጠቅልዬ ወጣሁ። ሰው ለመብላት እንዲህ ይለፋል?

ሳን ሆዜ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቬትናሞች ቤት የሩዝ ፓስታ በመረቅ፣ ጎድጓዳ ሳህን ሙሉ አመጡልኝ። ማንኪያውን ይዤ ቀረሁ። መረቁ ሊቀዘቅዝ ነው። አጠገቤ አንድ የነሱ ሽማግሌ ሻይ ብቻ ይዞ ተቀምጦ ያየኛል። ሰው እያየኝ ዝም ብሎ መብላት አላደግኩበትም፤ ሳህኑን በእጄ እያሳየሁ «እንብላ» አልኩት። እኛ ዘንድ ይሄ ሲባል «ብሉ፣ ይባረክ» ብሎ ያልፋል ሰው። እሱ ግን ወንበሩን ይዞ መጣ። ባዶ ሳህን አስመጥቶ ግማሹን ቀዳ።

ምን ልበል፤ የጠራሁት እኔ ነኝ። የፍሪሞንቱንም በግ ፈታሁ። ሰውዬው በሚበላባቸው ሁለት ቀጫጭን እንጨቶች ከመሐል ጥሩውን ሥጋ መርጦ እኔ ሳህን ውስጥ አስቀመጠልኝ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ መርጦ ያነሳልኝ ሰው አልነበረም። በላሁ። ላበኝ። የምንግባባበት ቋንቋ የለን፤ ብቻ ሁሉንም ጨረስን።

ስመለስ ባቡር ላይ ልጄ ደወለች።

«በላህ?»

«ጠግቤ።»

«ብቻህን?»

ዋሽ ዋሽ አለኝ። ግን ደክሞኛል።

«ከአንድ ሰውዬ ጋር።»

«ማነው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

ሳቀች። «እና ቅዳሜ ልምጣ?» አለች ቀስ ብላ።

«ነይ። ግን ልጆችሽ ምሳ ላይ ስልካቸውን አስቀምጠው ከእኔ ጋር ይበላሉ።»

«ትራይ አደርጋለሁ አባዬ።»

በነጋታው ጠዋት፣ ቅዳሜን ሳልጠብቅ፣ ሱቅ ወርጄ ባዶ ካርቶን ለምኜ መጣሁ። መጀመሪያ የጠቀለልኩት የባለቤቴን ድስት ነው።