ዘፈኑ የገለበጣቸው ጓደኛሞች

ኦርቫል ቲግ በስልሳ አንድ ዓመት ዕድሜው አንዲት ጠብታ መጠጥ ቀምሶ አያውቅም። ሳል ሲይዘው እንኳ የፋርማሲውን ሽሮፕ አገላብጦ አይቶ፣ አልኮል አለበት ብሎ የሚመልስ ሰው ነው። በዚያ በሐምሌ ሙቀት ግን ከተማው በሙሉ ሰካራም ነበር ብሎ አዘነለት። እኔ ዊልዳ ደግሞ፣ ሠላሳ ዓመት የትምህርት ቤት አውቶቡስ ነድቼ ሰው አውቃለሁ የምል ሴት፣ ዶሮ በድስት ይዤ ቤቱ ድረስ ሄጄ ስለ መጠጥ መከርኩት። አይ እኔ! ኀፍረቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

ኦርቫል በእንጨት መሰንጠቂያው ፋብሪካ የመጋዝ ጥርስ ይስላል። ጆሮው በመጋዝ ጩኸት ግማሽ ተደፍኗል። በዚህም ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ወሬ አያበዛም። በቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ውስጥ ያለ እሱ ወፍራም ድምፅ የሚባል ነገር የለም። እሑድ እሑድ ደግሞ ሃያ ዓመት ሙሉ ልጆች አስተምሯል። ካለው ነገር ሁሉ የሚወደው ያንን ክፍል ነው። ሚስት አላገባም፤ ልጅ የለውም፤ በየሳምንቱ አሥራ አራት ልጆች ግን አሉት።

የልብ ጓደኛው ወንድሜ ዶይል ነው። ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ አብረው ናቸው፤ አንዱ ሌላውን ሲያመሰግን ግን ሰምቼ አላውቅም። ዶይል “አንተ በቅሎ” ይለዋል፤ ኦርቫል “አፍህን ዝጋ” ይለዋል፤ ሰላምታቸው በቃ ይኸው ነው።

ከአራት ዓመት በፊት የዶይል ሚስት ላቮን በገና ሰሞን ሞተችበት። ዶይል ቀብሯት ገባና በሩን ቆለፈ። ከዚያ መጠጣት ጀመረ። ይህን እኔ ያኔ አላወቅሁም፤ አሁን ግን አውቀዋለሁና ልንገራችሁ። ኦርቫል በየቀኑ ከፋብሪካ ሲወጣ፣ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ፒክአፑን በሩ ፊት ያቆማል። አንዴ ያንኳኳል። “አትክፈት። እዚሁ ነኝ” ይላል። ከዚያ ተመልሶ መኪናው ውስጥ ይቀመጣል። ራዲዮ አይከፍት፣ ክላክስ አይነፋ፤ ዝም ብሎ እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ይቀመጥና ወደ ቤቱ ይሄዳል። በረዶ በጣለ ጊዜም እንደዚያው። ስልሳ ሦስት ቀን! በስልሳ አራተኛው ቀን ዶይል በካልሲ ብቻ ወጥቶ፣ የመኪናውን በር ከፍቶ አጠገቡ ቁጭ አለ። ከዚያ ወዲህ ጠርሙስ አልነካም። የዶይል ቤት ከሸለቆው ጥግ ስለሆነ ያየ ሰው አልነበረም።

አሁን ወደ ዘፈኑ ልምጣ። ዶይል አየር ማቀዝቀዣ ይጠግናል፤ ከሰኞ እስከ ዓርብ የዘፈን ከተማ በምትባለው ናሽቪል ነው የሚሠራው። አንድ ቀን ዘፈን ደራሲዎች የሚሠሩበት ቤት ማቀዝቀዣው ተበላሽቶ ጠሩት። ሁለት ወጣቶች ጊታር ታቅፈው፣ ስለ እውነተኛ ጓደኝነት ዘፈን እንጻፍ ብለው ላባቸው ጠብ ይላል። ፀሐይ ነህ፣ ድልድይ ነህ፣ ምሰሶ ነህ... ዶይል መሰላል ላይ ሆኖ ሲሰማ ሲሰማ አልቻለም።

“ልጆች፣ ድልድይ የት አይታችሁ ነው? ጓደኛ ማለት ደጅህ ላይ መጥቶ ‘አትክፈት፣ እዚሁ ነኝ’ የሚልህ ሰው ነው” አላቸው።

ልጆቹ ጊታራቸውን ጣል አድርገው አፈጠጡበት። ሲያናግሩት የጠርሙሱንም የፒክአፑንም የበረዶውንም ነገር ነገራቸው፤ ውስጥ የነበረው ማን እንደሆነ ግን አልተናገረም። እነሱም አልጠየቁትም። ማቀዝቀዣው ሳይሠራ ዘፈኑ አለቀ።

እዚያ ሰፈር አንድ ወግ አለ። ዘፈን ሲጻፍ ክፍሉ ውስጥ የነበረ ሰው፣ አንዲት ቃልም ብትሆን ጣል ካደረገ ደራሲ ነው፤ ስሙ እኩል ይጻፋል። የዶይልም ስም ሦስተኛ ሆኖ ገባ። ዘፈኑን አንድ ወፍራም ድምፅ ያለው ዘፋኝ ዘፈነው፤ በግንቦት የወጣ ዘፈን በሐምሌ በየራዲዮ ጣቢያው አንደኛ ሆነ። ነዳጅ ማደያ ብትሄዱ እሱ፣ ፀጉር ቤት ብትገቡ እሱ። ግን ዘፈኑ “አንተ ከጠርሙስህ ጋር በርህን ስትቆልፍ፣ እኔ ከመኪናዬ ውስጥ ሆኜ ጠበቅሁህ” ነው የሚለው። ደራሲው ደግሞ የእኛው ዶይል። እንግዲያው መኪናው ውስጥ የነበረው ዶይል፣ ከበሩ ኋላ ሆኖ ሲጠጣ የነበረው ደግሞ ብቸኛ ጓደኛው ኦርቫል መሆኑ ነዋ! በዚያ ላይ ፀጉር ቤት ውስጥ አንዷ ብድግ ብላ፣ “ከአራት ዓመት በፊት፣ ያ በረዶ በጣለ ጊዜ፣ ኦርቫል ረቡዕ ረቡዕ ከመዝሙር ልምምድ ይቀር አልነበር?” አለች። እውነቷን ነው፤ ይቀር ነበር። የት ተቀምጦ እንደነበር ግን አሁን ታውቃላችሁ።

ከዚያማ ሰው በአዘኔታ አጣደፈው። ደጁ ድረስ የሙዝ ፑዲንግ የሚሉትን ጣፋጭ ይዘው የሚሄዱ፣ መንገድ ላይ ክንዱን ይዘው “በርታ” የሚሉ። እኔም ዶሮዬን ይዤ ሄድኩ።

“ወንድም ኦርቫል፣ አሁንስ ትጠጣለህ?” አልኩት ፊት ለፊት።

“አልጠጣም፣ ዊልዳ።”

“ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።”

“ይሆናል” አለና ድስቱን ተቀበለኝ። “ዶሮው ሎሚ አለበት?”

“ወሬ አትቀይር!” ብዬ ግማሽ ሰዓት ለፈለፍኩበት። እሱ ድስቱን እንዳቀፈ ሰማኝ። ስጨርስ “አመሰግናለሁ፣ እህት ዊልዳ” አለኝ። እኔም ነፍስ ያዳንኩ መስሎኝ እያፏጨሁ ተመለስኩ።

ዶይልስ? ወንድሜ ስለሆነ አላለባብስለትም። ሰው ትከሻውን መታ መታ እያደረገ “እንዳንተ ያለ ጓደኛ ይስጠኝ” ሲለው ደስ ብሎታል። ታሪኩ እንደተገለበጠ ያውቃል። አንዴ ኦርቫልን “ልናገር እንዴ?” ብሎ ሲጠይቀው፣ ኦርቫል “ተወው፣ ዘፈን ነው፣ ያልፋል” አለው። ዶይልም ተወው። ሳምንቱን ናሽቪል ስለሚውል፣ ነገሩ ምን ያህል እንደከረረ አልሰማም።

ነገሩ ግን ከሮ ነበር። ጥቂት ወላጆች ፓስተሩ ጋ ሄደው፣ ክፉ ሰው ባይሆንም እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ልጆቻችንን ባያስተምርስ አሉ። ፓስተሩም ለኦርቫል “ትንሽ ጊዜ ዕረፍ” ሲለው፣ ኦርቫል የክፍሉን ቁልፍ ከቁልፍ ማንጠልጠያው አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ፓስተሩ ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ። አንድ ቃል ቢናገር ክፍሉ አይወሰድበትም ነበር። አልተናገረም።

በየዓመቱ በነሐሴ መጀመሪያ እሑድ ከሩቅም ከቅርብም ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ይመጣል። ከስብከት በኋላ ዛፉ ሥር ረጅም ጠረጴዛ ተዘርግቶ አብረን እንበላለን። ዘንድሮ ፓስተሩ ብድግ ብሎ ዘፈኑን አነሣ፣ ዶይልን አመሰገነ፣ ሰው አጨበጨበ። ቀጠለና “ስለ ወንድም ኦርቫልም እንጸልይለት፤ ክፍሉን ለጊዜው እህት ጄኔት ይዛለታለች” አለ።

ዶይል የዶሮ እግር በእጁ እንደያዘ ቆመ። “የትኛውን ክፍል?”

“የእሑዱን ክፍል ነዋ” አለ ፓስተሩ።

ዶይል ወደ ኦርቫል ዞረ። “አንተ በቅሎ! ለምን አልነገርከኝም?”

“አፍህን ዝጋና ተቀመጥ” አለው ኦርቫል፤ ድምፁ የወትሮው አልነበረም። የሚለምን ይመስል ነበር።

ዶይል አልተቀመጠም። የዶሮውን እግር ሳህን ላይ አኖረ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ። “ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ነኝ” አለ። “ላቮን ስትሞት ሁለት ወር ጠጥቻለሁ። መኪናው ውስጥ የተቀመጠው እሱ ነው። ዘፈኑ ገልብጦታል፤ እኔም ገልብጠው ሲያመሰግኑኝ ጣፍጦኝ ዝም አልኩ።”

ሰው ሁሉ ሹካውን አስቀመጠ። ፓስተሩ ቀይ ሆነ፤ ኪሱን ዳበሰና ቁልፉን አውጥቶ፣ ጠረጴዛውን ሙሉ ዞሮ ሄዶ በኦርቫል እጅ ላይ አኖረው። ይቅርታም ጠየቀው፣ ሁላችን እየሰማን። ኦርቫል ቁልፉን ጨብጦ አንገቱን ደፋ። እንባውን ያኔ አየሁት።

እኔ ግን ልቤ ተቃጠለ። ወንድሜ ከቤቴ አራት ማይል ርቀት ላይ እየሞተ፣ እኔ አላወቅሁም? ኦርቫል አጠገብ ሄጄ ተገተርኩ።

“ለእኔ እንኳ እንዴት አትነግረኝም? እህቱ አይደለሁም?”

ኦርቫል ቀና ብሎ አየኝ። “አንቺን ነው የፈራው፣ ዊልዳ። ‘ለማንም ብትናገር ግድ የለኝም፤ ለዊልዳ ግን አደራ’ አለኝ፣ በበሩ ቀዳዳ።”

ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ያኔ መሐላዬ ትዝ አለኝ። አባታችን በመጠጥ ነው ያለቀው። እሱን በቀበርን ሳምንት፣ መዘምራኑ ሁሉ እያዩኝ፣ ጠርሙስ ያለበት ቤት ደጅ አልረግጥም ብዬ ምያለሁ። ዶይል አጠገቤ ቆሞ ነበር የሰማው። ያኔ በራሴ ኮርቼ ነበር።

ሄጄ ዶይል አጠገብ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። “ብትደውልልኝ እመጣልህ ነበር” አልኩት።

ዶይል ፈገግ አለ፤ ክፋት አልነበረበትም። “ትመጪ ነበር እህቴ፣ አውቃለሁ። ግን መኪና ውስጥ አትቀመጪም ነበር። ገብተሽ ትናገሪ ነበር።”

የምመልስለት ነገር ነበረኝ። ሁልጊዜም አለኝ። ዋጥኩትና፣ ሰዉ በልቶ እስኪነሣ፣ ጠረጴዛው እስኪጠረግ ድረስ፣ ምንም ሳልል አጠገቡ ተቀመጥኩ።