በልብስ ገመድ ላይ የዋለችው ሳተላይት

ልደታ ከምኖርበት ግቢ ሮኬት ባይነሳም እኔ ግን ሳተላይት ነበረችኝ። ዛሬም ስናገረው አላፍርም። በደርግ ዘመን የቴክኒክ ትምህርት ቤት መምህርት ሳለሁ፣ ወደ አገሩ የሚመለስ አንድ የውጭ ባልደረባዬ ከፀሐይ ብርሃን ኤሌክትሪክ የሚያመነጩ ጥቂት የሶላር ሴሎች ትቶልኝ ሄደ። ለሳተላይት ተሠርተው ጠርዛቸው ስለተሸረፈ የተጣሉ ናቸው። እነሱ ጣሏቸው እንጂ እኔ መች ጣልኳቸው!

ከዘይት ቆርቆሮ የቡጢ ያህል ሣጥን ሠርቼ በስድስቱም ጎን ለጠፍኳቸው። ሳተላይት ሰማይ ላይ ስትገላበጥ አንዱ ጎኗ ፀሐይ ሲያጣ ሌላው ያገኛል፤ ማየት የፈለግሁት ያንን ነው። ውስጧ ባትሪ የለም። ፀሐይ ስትበረታ ቶሎ ቶሎ፣ ስትደክም ቀስ እያለ "ጢጥ ጢጥ" የሚል ድምፅ ማውጫ ብቻ ነው ያላት። ልብስ ማስጫ ገመድ ላይ አንጠልጥዬ ሳሽከረክራት ድምፁ አልተቋረጠም። ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

ክፋቱ፣ በዚያ ዘመን ጢጥ ጢጥ የሚል ነገር ሰው ያሸብራል። ሰፈራችን ጌጃ ሰፈር ደግሞ ወሬ አያድርም። ቅዳሜ ረፋድ ላይ አንድ አብዮት ጠባቂ ጠመንጃውን አንግቶ ገባ።

"ምንድን ነው ይሄ? ፈንጂ ነው ወይስ መልእክት ማስተላለፊያ?"

"የፀሐይ ብርሃን መፈተሻ ነው፣ ጓድ። ባትሪ እንኳ የለውም።"

"ያለ ባትሪ የሚጮህ የት አየሽ? ክፈቺው! አለዚያ በሰደፍ እከፍተዋለሁ።"

ሴሎቹ ከእንቁላል ቅርፊት ይሳሳሉ። ሣጥኗ ተከፈተች ማለት አለቀላት ማለት ነው፤ ምትክ ደግሞ ከየት ይመጣል? "አልከፍትም" አልኩት። ሰደፉን አነሳ።

አጠገባችን በርበሬ የሚያሰጡት ጎረቤቴ፣ እትዬ የምላቸው ባልቴት፣ ነገሩ የገባቸው በሌላ መንገድ ነበር።

"ምነው ልጆች! ፀሐይ አናቷን መትታት እኮ ነው የምትጮኸው" ብለው ነጠላቸውን ደራርበው አለበሷት።

ሣጥኗ ዝም አለች።

"አየሽ?" አሉኝ።

አየሁ እንጂ! "እስቲ ይግለጧት፣ እትዬ" አልኩ። ነጠላው ሲነሳ ጢጥ ጢጥ፣ ሲመለስ ዝም። ወደ አብዮት ጠባቂው ዞርኩ። "እንግዲህ ባትሪ ካላት ነጠላ ምን አስፈራት?"

ሰደፉን አወረደ። ኮፍያውን አውልቆ ራሱ ሸፈናት፤ ገለጣት፤ ደግሞ ሸፈናት።

"ፀሐይ ብቻ?"

"ፀሐይ ብቻ።"

ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ከገመዱ ፈታትና በሁለት እጁ ሰጠኝ።

"ያዣት" አለኝ፣ "እንዳትሰበር።"