አውቄ የሳትኩት ዜማ

ለንስሐ አባቴ ስንቱን ጉድ ተናግሬያለሁ፤ ይችን አንዷን ግን ሁልጊዜ ዘልያታለሁ። ባሌም ሳይሰማት ሞተ። አሁን ለእናንተ ልናገራት ነው፤ እስክጨርስ ድረስ ግን አይዞሽ እንዳትሉኝ።

በደርግ ጊዜ ነው። ሚዛን ተፈሪ፣ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ነኝ። አንድ የቡና እርሻ ሲወረስ የባለቤቱ ፒያኖ መጥቶ ቀበሌው አዳራሽ ተገትሮ ነበር። በከተማው ሊጫወትበት የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የትምህርት ቤታችን መምህር፣ ጋሽ ታምራት። ከክፍል በኋላ ሁለት ልጆች ያስተምሩ ነበር፤ እኔንና ገነትን። የኖታ ወረቀት ስላልነበረ ዜማውን ደብተር ላይ በእኛው ፊደል ይጽፉታል፤ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል እያሉ፣ ከእያንዳንዱ ሥር ስንት ምት እንደሚያዝ ቁጥር አድርገው። ሕጋቸው አንድ ነበር፤ ገጹን በድምፅሽ አስተካክለሽ ሳታዜሚ ፒያኖውን መንካት የለም።

ገነት የሸኮ ልጅ ናት። አማርኛ አነጋገሯን እያስመሰልኩ ክፍሉን አስቅባት ነበር። እሷ በሦስተኛው ሳምንት ፒያኖው ላይ ተቀመጠች። እኔ አምስት ወር ሙሉ አግዳሚ ወንበር በጣቴ እየመታሁ አዜማለሁ። «አንቺ ገና ነሽ አስቱ፤ ትቸኩያለሽ» ይሉኛል። እኔ፣ የጤና ጣቢያው ድሬሰር ልጅ፣ እኔ ገና ነኝ፤ እሷ ደርሳለች። በእልህ ደብተሩን ከዳር እስከ ዳር ሸመደድኩት። ለሳቸው ግን አልነገርኳቸውም፤ ራሳቸው ይድረሱበት ብዬ አኮረፍኩ።

አንድ ቀን አሰሳ መጣና የአብዮት ጥበቃዎች ያንን ደብተር ጋሽ ታምራት ቤት አገኙት። ያን ጊዜ ሰው በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ይጠፋል፤ ይሄ ደግሞ ሙሉ ደብተር ትርጉም የሌለው ፊደልና ቁጥር ነው። የሚስጥር መልእክት ነው ተባለ። እሳቸው «ዜማ ነው። ተማሪዬን ጥሩልኝ፤ እኔ ያዜምኩትን ራሱን ከዚሁ ላይ አንብባ ታዜማለች» አሉ። ገነት ለቡና ለቀማ ወደ አገሯ ወደ ሸኮ ሄዳለች። እኔ ተጠራሁ።

ቀበሌው ቢሮ ስገባ ነገሩን የያዘው ካድሬ ደብተሩን መሐል ላይ ከፍቶ ጠበቀኝ። ጋሽ ታምራት ከጣውላው ግድግዳ ማዶ ናቸው፤ ሲያስሉ ይሰማኛል። ካድሬው አልጮኸብኝም። ቢጮህብኝ ዛሬ ፈርቼ ነው እል ነበር። «እህቴ፣ ይህችን መስመር እሱ አሁን አዚሞልኛል። አንቺም አዚሚልኝ። አንድ ዓይነት ከሆነ ወደ ቤቱ ይሄዳል» አለኝ።

መስመሯን አየኋት። ሶል ሚ ሬ ዶ፣ ሬ ሚ ሶል። ከእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ የምላት ናት። ሶል ብዬ ጀመርኩ፤ ልክ ነበርኩ። ሚ ላይ ወረድኩ፤ ልክ ነበርኩ። ከዚያ የገነት ጣቶች መጡብኝ፣ «ገና ነሽ» የሚለው መጣብኝ፤ ሬ ላይ መውረድ ሲገባኝ ድምፄን ወደ ላይ ሰደድኩት። ከማዶ ይሰማ የነበረው ሳል ቀጥ አለ።

«ድገሚው» አለኝ ካድሬው። ልብ በሉ፣ ዕድል ተሰጠኝ። ደገምኩት፤ በሌላ ዜማ። ሦስተኛም አስደገመኝ፤ ሦስተኛም በሌላ ዜማ። እኔ ነኝ ያደረግሁት። ማንም እጄን አልጠመዘዘኝም። እንዲያፍሩ እንጂ እንዲታሰሩ አልፈለግሁም ልበል? ከዚያ ቢሮ የወጣ ሰው የት እንደሚወሰድ የማያውቅ ልጅ ሚዛን ውስጥ ነበር እንዴ?

በማግስቱ ቡና በጫነ መኪና ወደ ጅማ ወሰዷቸው። አራት ዓመት ታሰሩ። ገነት ከሸኮ ስትመለስ «እኔ ብኖር ኖሮ» እያለች አለቀሰች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ያ ልቅሶ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ሲፈቱ ገበያ መንገድ ላይ ተገናኘን። ከስተው ኮታቸው ሰፍቷቸዋል። ልሸሽ ስል ጠሩኝ።

«አስቱ፣ በዚያ ነገር እንዳታዝኚ» አሉኝ። «ጥፋቱ የኔ ነው። በደንብ አስተምሬሽ ቢሆን ኖሮ አትስቺም ነበር።»

ያኔ መናገር ነበረብኝ። አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው «እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ» ነው። አመሰገንኳቸው። ይታያችሁ፣ አመሰገንኳቸው።

የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ተመለሱ ብሎ ቢለምናቸው «ማስተማር አልችልበትም» ብለው እምቢ አሉ። የቡና መጋዘን ዘበኛ ሆነው ኖሩ፤ ዘበኛ ሆነው ሞቱ። ፒያኖውን ምስጥ በላው። እኔ ቴፒ አግብቼ ወለድኩ፣ አሳደግሁ፤ ምንም አልጎደለብኝም።

ይቅር በሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የሚችሉት እሳቸው ነበሩ፤ እሳቸው ደግሞ ምን እንዳደረግሁ ሳያውቁ ሄዱ። ልጅ ነበርሽ እንዳትሉኝም። ልጅ ብሆንም ያቺን መስመር አውቃት ነበር። ዛሬም ሽንኩርት ስከትፍ ሳላስበው ከአፌ ትወጣለች፤ ሶል ሚ ሬ ዶ፣ ሬ ሚ ሶል። አንዷም አትዛነፍም።

ጋሽ ታምራት፣ በደንብ አስተምረውኝ ነበር።