ለእንግዳ ብቻ የሚፈስ ውሃ

የእህቴ ባል ዕድሜውን ሁሉ ወንበር ሲደረድር የኖረ ሰው ነው። ቀልዴን አይደለም። መሥሪያ ቤት ውስጥ የሥራ መደቡ «ፕሮቶኮል» ነበር። እንግዳ ሲመጣ ማን የት እንደሚቀመጥ፣ አበባው ወደ ማን እንደሚዞር፣ ማን ከማን በፊት እንደሚጨብጥ የሚወስነው እሱ ነው። ሰፈሩም ስሙን ትቶ «ፕሮቶኮሉ» ይለዋል። እያሾፉበት መሆኑ አይገባውም፤ ደረቱን ነፍቶ «አቤት!» ይላል። ጡረታ ሲወጣ መሥሪያ ቤቱ እፎይ አለ፣ እህቴ ግን ቀኑን ሙሉ እሱን መሸከም ጀመረች።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። እኔ ታላቋ ነኝና ሳሞግሳት አታምኑኝም ይሆናል፤ ግን አንዴ እሷ የሰፋችላት ሴት ሌላ ሰፊ ደጅ አትቆምም። ግቢው ጥግ ላይ ያለችው ክፍል የእሷ ናት። ከግድግዳው እኩሌታ የሚሆን መስኮት አላት፤ ከመስኮቱ ሥር በእግር የምትረገጠው የስፌት መኪናዋ ተቀምጣለች። ያን መኪና የገዛችው ሳታገባው በፊት ነው። ልጆቹን ያሳደገችው፣ ጣራውን ያስቀየረችው፣ የሱን ከረባት ሁሉ የገዛችው እዚያ ቁጭ ብላ ነው። «እትዬ፣ እዚህ ስቀመጥ ሰው የሆንኩ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር። ከዚያች ክፍል ሌላ በዚያ ቤት ውስጥ የኔ የምትለው አንድ ነገር የላትም።

እንግዲህ ጡረተኛው ምን ያድርግ? ጋዜጣ አያነብ፣ ካርታ አይጫወት። አንድ ቀን ከአንድ ሀብታም ቤት ተጋብዞ ኩሬና ፏፏቴ አይቶ መጣ። በማግስቱ «ግቢዬን የውሃ አትክልት ቦታ አደርገዋለሁ» አለ። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ!

አትክልት ቦታ የሚያበጅ ሰው መጀመሪያ ፀሐይ በየት እንደምትዞር፣ ዝናቡ ወዴት እንደሚወርድ፣ ሰው በየት በኩል እንደሚያልፍ ያያል። ይሄ ሰውዬ መጀመሪያ ወንበር አወጣ። አዎ፣ ወንበር። ከሳሎን ትልቁን ባለመደገፊያ ጎትቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠና «የክብር እንግዳው እዚህ ነው የሚቀመጠው» አለ። ከዚያ የእህቴን የክር ጥቅል አነሣ። አንዱን ጫፍ ወንበሩ ላይ አሥሮ ሌላውን እየጎተተ ግቢውን ዞረው። ክሩ በደረሰበት በእሷ የልብስ ጠመኔ ምልክት ያደርጋል፣ በእሷ ሜትር ይለካል። እሷ ጨርቅ ዘርግታ ሜትሯ እስኪመለስላት ትጠብቃለች።

«አንተ ሰውዬ፣ ሜትሩን መልስላት እንጂ!» አልኩት።

«እትዬ፣ እርስዎ አይገባዎትም። ይሄ በዓይን የሚሠራ ሥራ ነው። እንግዳው አንገቱን ሳያዞር ሁሉን ማየት አለበት።»

እህቴን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ትስቃለች። ያኔ እሷም ቀልድ መስሏት ነበር።

ኩሬው ተቆፈረ። የት? ከውጭው በር ወደ እህቴ ክፍል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ መሃል ለመሃል! ለምን ቢሉት ከወንበሩ ሲታይ መሃሉ እሱ ነው። ኩሬው ውስጥ ከሲሚንቶ የተሠራች ውሃ የምትተፋ ወፍ ተተከለች። እሱ ዝይ ናት ይላል፤ እኔ ግን የታመመች ዶሮ ነው የምትመስለኝ። ፊቷ ወደ ወንበሩ ነው። ከማዕድ ቤት በኩል የሚታየው ቂጧና ቂጧ ውስጥ የተሰካው ጎማ ነው። ቤተሰቡ በሙሉ የሚውለው ደግሞ በዚያ በኩል ነው። ዓሣ አስገባ፣ ሳምንት ሳይሞላቸው ሆዳቸውን ወደ ላይ አድርገው ተንሳፈፉ። እነሱ ሲሞቱ ትንኙ ተተካ። ደግሞም ውሃው ለቤተሰብ አይፈስም፤ እንግዳ ከሌለ ዝይዋ ደርቃ ነው የምትውለው።

ለእህቴ ደንበኞች መረማመጃ ድንጋይ ኩሬው ውስጥ ደረደረላቸው። አራርቆ! ቢቀራረቡ ከወንበሩ ሲታዩ አያምሩማ። ጠባብ ቀሚስ የለበሰች ሴት፣ እጇ ላይ ጨርቅ የያዘች፣ እንደ ፌንጣ እየዘለለች ልትገባ ነው። አስተማሪ የሆነች የቆየች ደንበኛዋ ለልጇ ምርቃት የሚሰፋ ነጭ ጨርቅ ይዛ መጣች። ሁለተኛው ድንጋይ ላይ ስትደርስ አዳለጣትና ከነጨርቋ ኩሬው ውስጥ ገባች። እህቴ ሮጣ አወጣቻት። ፕሮቶኮሉም ሮጠ፤ ሮጦ ጎንበስ ብሎ ድንጋዩን ነካ ነካ አደረገው።

«ተመስገን፣ አልተነቃነቀም» አለ።

እግዜር ያሳያችሁ! ሴትዮዋ ጉልበቷ እየደማ ነው እኮ። አንጀቴ ቅጥል አለ። አፌ ያመጣልኝን ሁሉ ተናገርኩት፣ አንዱም አልነካውም። አስተማሪዋ አልተመለሰችም። ከእሷ በኋላ ሌሎቹም አንድ በአንድ ቀሩ። ሲጠየቁ «ሲመቸን እንመጣለን» ይላሉ። እህቴ መኪናዋን ዘይት እየቀባች ትውል ጀመር።

«ለምን አትነግሪውም?» አልኳት።

«ዝም አይነቅዝም፣ እትዬ።»

«ዝም ባይነቅዝም አንቺ ትነቅዣለሽ!»

«ክፍሌን እስካልነካብኝ ድረስ ይሁንለት» አለች። «ደንበኛ ይመለሳል። እኔ እዚሁ ነኝ።»

ከዚያ እኔ ወገቤን ያዘኝና አልጋ ላይ ዋልኩ። እህቴ መጥታ አስታመመችኝ፣ እኔው ጋ ሰነበተች። ለእሱ በየቀኑ ምግብ ሠርታ ትልክለታለች። ስድቡ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ያን ምግብ እየበላ መስኮቷን ደፈነው!

አዎ፣ መስኮቷን። ለካስ የክሩ መጨረሻ የእሷ ክፍል ግድግዳ ነበር። እንግዳው ቀና ሲል የሚያየው እሱን ነው። እዚያ ላይ የልብስ ሰፊ መስኮትና የተንጠለጠለ ቀሚስ መታየቱን ጠልቶታል። በብሎኬት ደፈነ፣ ጥቁር ድንጋይ ለጠፈበት፣ ከላይ እስከ ታች ውሃ የሚወርድበት ግድግዳ አደረገው። ፓምፑ እንግዳ ፊት ቢጮህ ነውር ነው ብሎ ደግሞ የእሷ ክፍል ውስጥ፣ መኪናዋ አጠገብ ተከለው። ማብሪያ ማጥፊያውም እዚያው ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል፤ ይሄ ግን አጥሩን አልፎ ገባ።

ትንሽ ሲሻለኝ ደግፋኝ ወደ ቤቷ አብረን ነበር የመጣነው። በሩን ከፍታ ስትገባ ጨለማ ነው። መብራት አበራች። ቆርጣ የተወችው ጨርቅ እርጥበት ጠጥቶ አረንጓዴ ነጥብ አውጥቷል። ጨርቁን አነሣችና አሸተተችው፣ መልሳ አስቀመጠችው። እኔ ነኝ ያለቀስኩት።

እሱ በሩ ላይ መጥቶ ቆመ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እንዴት ነው? አምፖል እኮ አለ። በአምፖልም ይሰፋል።»

«መርፌ ውስጥ ክር የማስገባው በዚያ ብርሃን ነበር» አለችው።

«መነፅር አድርጊያ!» አለና የድሮ አለቃው እሑድ እንደሚመጡ፣ እሱ ሲያጨበጭብ ፓምፑን እንድታበራለት ነገራት። እንደ መሥሪያ ቤት ተላላኪ! እሷም እሺ አለችው። እኔም እሺ ስትል ሰማሁና በእሷም ተናደድኩ፣ እውነቱን ልናገር፣ ናቅኳት።

እሑድ ጠዋት ግን ወደ እኔ ደወለች። «እትዬ፣ ወገብሽ ከተሻለሽ ነይ። ጨርቁን የሚይዝልኝ ሰው እፈልጋለሁ» አለች።

ስደርስ አለቃው ወንበሩ ላይ ተቀምጠዋል። እንደዚያ የተለፋላቸው ሰው ዓይናቸው ስልካቸው ላይ ነው። በአንድ እጃቸው ስልኩን ይነካሉ፣ በሌላው አንገታቸውን ከትንኝ ይከላከላሉ። ፕሮቶኮሉ ከጎናቸው ቆሟል። በገዛ ቤቱ ቆሟል! ከረባት አሥሯል። ያንን ከረባት የገዛው ማን እንደሆነ ብነግራቸው ደስ ባለኝ።

«ያቺ ምንድን ናት? ዶሮ ናት?» አሉት አለቃው።

ሳቄ አመለጠኝ። እሱ አጨበጨበ፣ ውሃ አልመጣም። ደግሞ አጨበጨበ። ያኔ የክፍሏ በር ተከፈተና እህቴ ወጣች። የመኪናዋን ጭንቅላት ነቅላ እንደ ሕፃን ደረቷ ላይ ታቅፋለች። የመኪናውን እግር በኋላ ተሸካሚ ያመጣዋል። እኔ ወደ እሷ ተሻግሬ በአንሶላ ቋጥራ ያዘጋጀችውን ጨርቅ፣ ክር፣ መቀስና ካውያ ይዤ ከኋላዋ ተከተልኩ። ብረቱ ከባድ ነው። አንደኛው ድንጋይ ላይ ወጣች። ሁለተኛው ላይ ወጣች። ሚስቱ መኪናዋን ተሸክማ በእንግዳ ፊት ቤቱን እየለቀቀች ነው። ምን ይላል ብዬ ጠበቅኩ። ሰው ነው፣ የሆነ ነገር ይላል አይደል?

«ከመሄድሽ በፊት ፓምፑን!» አላት፣ በጥርሱ መሃል፣ እንግዳው እንዳይሰሙ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

እህቴ ቆመች። ሂጂ፣ አትስሚው ብዬ በልቤ ጮህኩ። እሷ ግን ዞረች። አንድ በአንድ በድንጋዮቹ ላይ ተመለሰች፣ ያንን ብረት እንደታቀፈች፣ ክፍሏ ገባች። ፓምፑ ሲያጉረመርም ሰማሁ። መስኮቷ በነበረበት ቦታ ውሃው መውረድ ጀመረ። ስትወጣ እሱ ጀርባውን ሰጥቶን ጥቁሩ ድንጋይ ከየት እንደመጣ ለአለቃው እያስረዳ ነው። አለቃው ብቻ ከስልካቸው ቀና ብለው አዩን። ሊጠይቁት አፋቸውን ከፈቱ፣ እሱ ግን ጣቱን ወደ ውሃው እየቀሰረ ያወራል።

በሩን ዘግተን መንገድ ላይ ቆምን። እህቴ መኪናዋን ጉልበቷ ላይ አስደግፋ ትንሽ ተነፈሰች።

«እትዬ» አለችኝ፣ «ሳሎንሽ ውስጥ መስኮቱ ሥር ያለውን ሶፋ ታነሺልኛለሽ?»

«ሶፋውን ብቻ?» አልኳት። «ካልበቃሽ ግድግዳውን አፈርስልሻለሁ!»