የፍስሐ ዘመዶች

እማዬ ካረፈች በኋላ ሳጥኗን የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከታች፣ ከልብሱ ሁሉ ስር፣ አንድ ያረጀ ነጠላ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ጥለቱ ጥቁር ነው። ሳወጣው የናፍታሊን ሽታ አፍንጫዬን መታኝ። ከዚያ ስር ግን ሌላ ሽታ ያለ መሰለኝ፤ የቅዳሜ ጠዋት፣ የእርጥብ አፈርና የባሕር ዛፍ ሽታ። ምናልባት እኔ ነኝ የጨመርኩበት። ወንድሜ ፍስሐ ለመጨረሻ ጊዜ ከለበሰው ወዲህ ስንት ዘመን አልፏል።

ነጠላው የእሱ እንኳን አልነበረም። የአባታችን ነው። ፍስሐ ቅዳሜ ቅዳሜ ይዋሰው ነበር፤ ሊያለቅስበት።

ልጅ እያለሁ ቦሌ እንዲህ አልነበረም። ከአየር ማረፊያው ወዲያ ያለው አገር ማሳ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ጭቃው ከእግር ላይ ጫማ ያወልቃል። አባታችን አየር ማረፊያው ውስጥ ዕቃ ጫኝ ነበር። ፍስሐና እኔን ግን እማዬ እንደምንም ብላ ካቶሊክ ትምህርት ቤት አስገባችን። እኛ ኦርቶዶክስ ነን። ጎረቤቶቻችን "ልጆችሽን ካቶሊክ ሊያደርጉብሽ ነው" ሲሏት "ትምህርቱን ያስተምሩልኝ እንጂ ለሌላው እኔ አለሁ" ትል ነበር።

ዘመኑ የደርግ ነው። በክፍል ውስጥ ስለ እግዚአብሔር ማስተማር ቀርቶ በምትኩ የፖለቲካ ትምህርት ገብቷል። አባ ዮሐንስ የሚባሉ ቄስ ነበሩን፤ ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ የሹራባቸው ክርን ሁልጊዜ የተጣፈ። አንድ ቀን የበጎ አድራጎት ክበቡን ልጆች ሰብስበው "እንዳላስተምር ተከልክያለሁ" አሉን። "እንዳልቀብር ግን የከለከለኝ የለም።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሾላ ገበያ ወረድ ብሎ የካቶሊክ ሲስተሮች የሚያስተዳድሩት የአረጋውያን መጦሪያ ነበር። እዚያ የነበሩት አዛውንቶች ከየመንገዱ የተነሱ፣ ጠያቂ የሌላቸው ሰዎች ናቸው። ሲሞቱ እድር የላቸውም። ድንኳን የሚተክልላቸው፣ ሳጥናቸውን የሚሸከም፣ የሚያለቅስላቸው የለም። እኛ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድን ልብስ እናጥባለን፣ ጥፍር እንቆርጣለን፤ የሞተ ካለም እንቀብራለን። ሟቹ ሙስሊም ከሆነ ሼኹ ተጠርተው በእሳቸው ሥርዓት ይቀበራል፤ እኛም ተከትለን እንሄዳለን። አንዱ ልጅ "ጽድቅ ነው አይደል አባ?" ሲላቸው አባ ተቆጡ። "ጽድቅ ብላችሁ እንዳትመጡ። ሰው ሲሞት የሚያለቅስለት ማግኘት መብቱ ነው። ዕዳችሁን ነው የምትከፍሉት" አሉ።

ሥርዓት ነበረን። በእያንዳንዱ ቀብር ከመካከላችን አንዱ ዘመድ ይሆናል። ነጠላውን አዘቅዝቆ ለብሶ መቃብሩ ራስጌ ይቆማል፤ ሌሎቻችን በተራ እየቀረብን "እግዚአብሔር ያጽናህ" እንለዋለን። ዘመድ የሆነው ልጅ የሟቹን ስም ከነአባቱ ማወቅ አለበት። ሟቹ ይወደው የነበረውንም አንድ ነገር እንዲሁ። ከቀብሩ በፊት መጦሪያው ገብቶ አልጋ ለአልጋ እየዞረ "ምን ይወዱ ነበር?" ብሎ ይጠይቃል። አባ ነበሩ ይህን ያመጡት። "ዘመድ ነኝ ብሎ ይህን የማያውቅ ውሸታም ነው" ይሉ ነበር።

ፍስሐ ሁልጊዜ ዘመድ ነበር። እንባው ቅርብ ነው። እንዴት ልበለው፣ አስመስሎ አይደለም የሚያለቅሰው። ከቀብር ስንመለስ የሰፈር ልጆች መንገድ ላይ ይጠብቁት ነበር።

"ፍስሐ! ዛሬ ደግሞ ማን ሞተብህ?"

"አጎቴ።"

"ባለፈው ቅዳሜም አጎትህ ነበሩ እኮ!"

"ምን ላድርግ? ዘመደ ብዙ ነኝ።"

ይስቃሉ፤ እሱም ይስቃል። እማዬ ግን አትስቅም። ነጠላውን በር ላይ ትቀበለውና ሳታስገባው ገመድ ላይ ትሰቅለዋለች። "ያልሞተብህን ሞተብኝ አትበል" ትለው ነበር። "ሟርት ነው። ሞትን ደጋግመህ ከጠራኸው ቤትህን ያውቀዋል።"

አንዱን ቀብር አልረሳውም። አባባ ደሳለኝ የሚባሉ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ናቸው የሞቱት። ፍስሐ ሲጠይቅ፣ የአልጋ ጎረቤታቸው እማማ ጥሩነሽ "የአውሮፕላን ድምፅ ይወድ ነበር" አሉት። "ሲመጣ ከሁላችን ቀድሞ ይሰማውና ኮፍያውን ያነሳለታል፤ እንደ ባላባት።" መቃብሩ ዘንድ ቄሱ ፍትሐት ላይ እያሉ አውሮፕላን ሊያርፍ ዝቅ ብሎ በላያችን መጣ። ድምፁ ሁሉን ዋጠው። ፍስሐ እያለቀሰ ባዶ ራሱ ላይ እጁን ሰቅሎ የሌለ ኮፍያ አነሳ። እማማ ጥሩነሽ በምርኩዛቸው ተደግፈው ሳቁ። ሰው ቀብር ላይ እንዲያ ሲስቅ አይቼ አላውቅም። ሳቃቸው ክፋት አልነበረበትም።

ከዚያ ፍስሐ ማትሪክ ተፈተነ። ውጤት እየጠበቀ ሳለ ወጣቱን ወደ ሰሜን ጦር ሜዳ የሚወስደው አፈሳ በረታ። ልጅ ያላት እናት ሁሉ ጆሮዋ የመኪና ድምፅ ላይ ነበር። እማዬ ከቤት እንዳይወጣ ለምናው ነበር፤ አንድ ቅዳሜ ግን መጦሪያው ውስጥ አንዲት ሴት ሞቱ ተባለ፤ ፍስሐም ነጠላውን ይዞ ወጣ። እኔም ተከተልኩት። ቀብሩ አልቆ ወደ ሰፈር ስንመለስ ከባድ መኪናው መንገዱ ላይ ቆሟል። አብዮት ጠባቂዎቹ ከኛው ቀበሌ ናቸው፤ በስም ያውቁናል። አንዱ ፍስሐን ክንዱን ያዘው።

አባ ዮሐንስ ሮጠው ደረሱ። "ከቀብር ነው የሚመጣው። አታዩትም እንዴ ነጠላውን?"

"ማን ሞቶበት?" አለ ሰውየው።

"አክስቴ" አለ ፍስሐ።

ሰውየው ወደ ጓደኞቹ ዞሮ ሳቀ። "ይሄ ልጅ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር አክስት ይሞትበታል! በል ውጣ።"

መኪናው ላይ የተጫኑት የሰፈር ልጆች ሳይቀሩ ሳቁ። ፍስሐም ፈገግ አለ። ያ ፈገግታው ነው እስካሁን የማይለቀኝ። ነጠላውን ከትከሻው አውርዶ ደረቴ ላይ ጣለልኝና "ማሙሽ፣ ለእማዬ ስጥልኝ" አለኝ። "ገመድ ላይ አትስቀዪው በላት፤ ዛሬ ንጹሕ ነው።"

ከዚያ በኋላ ጥቂት ደብዳቤ መጣ፤ ከዚያ ቀረ። ውሎ አድሮ አብሮት የታፈሰው መኮንን የሚባል የጎረቤታችን ልጅ አንድ እግሩን አጥቶ ከሰሜን ተመለሰ። ቤታችን መጥቶ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጦ፣ ክራንቹን እየነካካ ተናገረ። ፍስሐ ወድቋል። እሱ ራሱ ሲወድቅ አይቷል። እማዬ "ማን ቀበረው?" አለችው። አላውቅም አላት። "የት?" አላውቅም። "ማን አለቀሰለት?"

"እንግዲያው አልሞተም" አለች እማዬ።

የእድሩ ሰዎች ድንኳን ይዘው ሲመጡ ደጅ ላይ ቆማ መለሰቻቸው። አባቴ ጥግ ይዞ ተቀመጠ። ለቅሶ የሌለበት የሞተ ሰው ቤት እንዴት እንደሚከብድ ያየ ያውቀዋል። እማዬ ሌሊትም ቀንም አላለቀሰችም፤ ምሳ ሲቀርብ የፍስሐን ድርሻ ታስቀምጣለች። እኔም ማልቀስ ፈልጌ እሷን ፈራሁ።

ከዚያ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በራችን ተንኳኳ። ስከፍተው የመጦሪያው ሰዎች ናቸው። በምርኩዝ የሚሄደው፣ ተመርቶ የሚሄደው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ከሾላ ድረስ በእግራቸው መጥተዋል። ከፊት እማማ ጥሩነሽ ናቸው። የመንገዱ አቧራ እላያቸው ላይ ነው። እማዬ ከኋላዬ መጣች። ፊቷን ሳየው ልታባርራቸው እንደሆነ ገባኝ። ሟርቱን ያመጡት እነሱ ናቸው፤ እንደዚያ ነበር የምታምነው።

"እዚህ ቤት ለቅሶ የለም" አለች። "ልጄን የወሰደው የእናንተ ቀብር ነው። ሂዱልኝ።"

እማማ ጥሩነሽ አልተቀየሟትም። "ልክ ነሽ ልጄ፤ እንሄዳለን" አሏት። "እኔን ይቀብረኛል ብዬ ነበር የማስበው። ዘመድ አልነበረንም፤ እሱ ሆነልን። አሁን እኛ ልንሆንለት ነው የመጣነው። ግን ሳናውቅ ዘመዱ ነን ማለት አይሆንልንም። እሱው ነው ያስተማረን።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ልጅሽ ምን ይወድ ነበር?"

እማዬ የበሩን መዝጊያ ያዘች።

"ሻይ..." አለች። "ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን አያማስለውም። ስኳር በወረፋ ነው የምናገኘው፤ አማስለው እለዋለሁ፤ እምቢ ይለኛል። ከስር ተጠራቅሞ ሲቀር በማንኪያ ይበላዋል።" ከዚያ "ይበላው ነበር" አለች፤ "ነበር" ያለችው ያኔ ነው፤ ጮኻም ወደ ፊት ወደቀች።

ያዟት። እነዚያ ራሳቸውን ችለው መቆም የማይችሉ ሰዎች እናቴን ያዟት። የፍስሐን ነጠላ ከውስጥ ሳመጣ እማማ ጥሩነሽ ከእጄ ተቀብለው አዘቅዝቀው ለበሱና አጠገባችን፣ ከዘመድ ተርታ ተቀመጡ። ጎረቤቱ ጩኸቱን ሰምቶ ግር ብሎ መጣ። እድርተኛው ድንኳኑን መልሶ ይዞ መጣ። የሚገባው ሰው ሁሉ ለአባቴ፣ ለእማዬ፣ ለእኔ፣ ከዚያም ለእነዚያ አዛውንቶች በተራ "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አለ። እኔም አለቀስኩ።

ማሳው ዛሬ ሕንፃ ሆኗል። ቦሌ ለቅሶ ሲኖር መኪና ማቆሚያ ይጠፋል፤ ሰውም ድንኳን ውስጥ ስልኩን እያየ ይቀመጣል። አልፈርድም፤ እኔም እንደዚያው ነኝ። ብቻ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሳልፍ ሰው ያልበዛበት ቀብር ካየሁ እገባለሁ። ስማቸውን እጠይቃለሁ። ምን ይወዱ እንደነበርም እጠይቃለሁ። ሰዎቹ ግራ ገብቷቸው ያዩኛል፤ ከዚያ ይነግሩኛል።

ይህን የማደርገው ለነሱ ብቻ ብዬ አይደለም። ሰሜን ውስጥ፣ እኔ በማላውቀው መሬት ላይ፣ ወንድሜን አፈር ያለበሰው ሰው ይኖር ይሆናል። ምናልባት ስሙን የሚነግረው አጥቶ ይሆናል።

ስሙ ፍስሐ ነው። ሻይ ሲጠጣ ስኳሩን አያማስልም ነበር።