ሂና ተቀብቼ ካሜራው ፊት

ያን ዕለት ሦስቴ ተነሥቼ ሦስቴ ተቀመጥኩ። የቆዳ ክሊኒኩ ወረፋ አይነቃነቅም፤ ሙቀቱ ደግሞ ገና ከጠዋቱ ጀምሯል። የስድስት ዓመት ልጄ «እማዬ ቁጭ በይ፣ ሰው እያየን ነው» አለችኝ። አቦ፣ እንዴት ልቀመጥ? ፀጉሬ ከሁለቱም ጆሮ ግንዴ ሸሽቶ አልቋል። ሥሩ ሞቷል ወይስ ይመለሳል? ለወራት ያንገበገበኝ ይኸው ነው።

ሐኪሙ መርፌም ምላጭም አላነሣም። መብራት ያለው ትንሽ ካሜራ ቆዳዬ ላይ አሳርፎ ስክሪኑን አየ፤ ፊቱ ተኮሳተረ።

«ምን ተቀብተሽ ነው?»

«ሂና።» ራሰ በራ ሆኜ ሰው ፊት መቅረብ አሳፍሮኝ፣ ትናንት ጎረቤቴን ከከፊራ ገበያ አስገዝቼ ራሴን አስለቀለቅኩ።

«እኔም የማየው ሂናሽን ነው። የፀጉርሽ መብቀያ ቀዳዳ በሙሉ በቀለም ተሸፍኗል። ከሳምንታት በኋላ ሲለቅ ተመለሺ።»

ሳምንታት! በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግኩት፤ ሐኪም ዘንድ ተኳኩሎ የሚሄድ ሞኝ ግን ከእኔ ሌላ የት ይገኛል?

አሳዝኜው መሰለኝ፣ «ጤነኛው ምን እንደሚመስል እንኳ ላሳይሽ» ብሎ ካሜራውን ሹሩባ የተሠራችው ልጄ ጆሮ ግንድ ላይ አደረገው። እሷ ተኮርኩራ ሳቀች። እሱ ግን አልሳቀም። ስክሪኑ ላይ ፀጉሯ እንደ ገመድ ወፍሮ ይታያል፤ ሥሩን ነጭ ቅርፊት ከቦታል፤ መሐል መሐል ባዶ ቀዳዳ አለ።

«ሹሩባውን ማን ነው የሚሠራት?»

«እኔ።» በየእሑዱ፣ ሳምንቱን እንዲከርምልኝ ጥብቅ አድርጌ። እኔንም እናቴ እንደዚያ ነበር የምትሠራኝ።

«እየተሳበ እየተነቀለ ነው። የሷ ሥሩ አልሞተም፤ ላላ አድርገሽ ከሠራሻት ይመለሳል።»

ስለ እኔ ምንም አላለም። እኔም አልጠየቅኩትም።

ባጃጅ ውስጥ እንደገባን ሹሩባዋን መፍታት ጀመርኩ።

«እማዬ፣ ትናንት እኮ ነው የሠራሽኝ!»

«ዝም በይ፣ ልፍታልሽ።»

ሦስተኛው ጉንጉን ላይ ስደርስ ወደ እኔ ዞረች።

«ያመኛል ስልሽ፣ ቆንጆ ሴት ትችላለች ብለሽኝ አልነበር?»

እውነቷን ነው። በየእሑዱ ብያታለሁ።